የአቤሜሌክ በለስና የአቶም ሰዓት

ነቢዩ ኤርምያስ ኢትዮጵያዊውን አቤሜሌክን በለስ ለቅሞ እንዲመጣ ላከው። አቤሜሌክ ዘንቢሉን ሞልቶ ሲመለስ ፀሐዩ በረታበትና ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት አረፍ ልበል ብሎ ጋደም አለ። ሲነቃ እንቅልፍ እንዳልጠገበ ሰው ራሱ ከብዶታል፤ በለሱ ግን አሁን ከቅርንጫፉ እንደተቀጠፈ ሁሉ ወተቱ ይንጠባጠባል። ኢየሩሳሌም ሲደርስ ከተማዋ የእሱ ከተማ አልሆነችለትም። ሰፈሩን ፈልጎ አጣ፤ ዘመድ ፈልጎ አጣ። በዚያ ጥላ ሥር ያለፈው 66 ዓመት መሆኑን የተረዳው አንድ ሽማግሌ አግኝቶ ከጠየቀ በኋላ ነው።

ታሪኩ በተረፈ ባሮክ ይገኛል፤ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ያደገ ብዙ ሰው በልጅነቱ ሰምቶታል። መድረሳ የተማረውም የዋሻውን ወጣቶች ያውቃል፤ በቁርኣን የከህፍ ምዕራፍ 309 ዓመት ተኝተው የነቁትን። ሁለቱም ታሪኮች ሰውን ወደ ፊት ያሻግራሉ። ወደ ኋላ የሚመልሱት ሰው የለም።

ይህን ታሪክ ዩኒቨርሲቲ ለጨረሰ ሰው ነግሮ «በሳይንስ እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ መልሱን ወዲያው ያገኛል። «የጊዜ ጉዞ የፊልም ነገር ነው። ቢቻል ኖሮ ከወደፊቱ የመጡ ሰዎችን እናይ ነበር። ደግሞስ አንዱ ወደ ኋላ ሄዶ አያቱን ቢገድል እሱ ራሱ ከየት ይወለዳል?» ይባላል። ጠያቂውም ይሣቅበታል። ይህ መልስ በቡና ላይ ጨዋታም፣ በሬዲዮ ውይይትም፣ አንዳንዴ በመማሪያ ክፍልም የነገሠ ነው። የሳይንስ አነጋገር ስላለው የሳይንስ ቃል ይመስላል። ፊዚክስ ግን እንዲህ ብሎ አያውቅም። ወደ ፊት የሚደረገው ጉዞ ከተረጋገጠ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ወደ ኋላ የሚወስደው በር ምናልባት ዝግ ነው፤ ዝግ ከሆነም የዘጋው የአያትየው ነገር አይደለም።

ለመነጋገር በመጀመሪያ ስለ ምን እንደሚወራ መስማማት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ሁለተኛውን ሺህ ዓመት በፈረንጆቹ መስከረም 2007 ስታከብር ከውጭ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «እንኳን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመለስህ» ይባል ነበር። ደስ የሚል ቀልድ ነው፤ የጊዜ ጉዞ ግን አይደለም። ሁለት ዘመን አቆጣጠሮች መነሻቸው ስለተለያየ ብቻ የእንግዳው ፀጉር አልጠቆረም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።) ተቀምጦ ነገን መጠበቅም ጉዞ አይባልም፤ ያ የሁሉም ሰው ዕጣ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሉዊስ በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ ያስቀመጠው መለኪያ ከሁሉም የጠራ ነው፦ በተጓዡ ላይ ያለፈው ጊዜና በቀረው ዓለም ላይ ያለፈው ጊዜ ካልተካከሉ፣ ያ ሰው በጊዜ ተጉዟል። አቤሜሌክ በዚህ መለኪያ ተጓዥ ነው። በለሱ የአንድ ቀትር ዕድሜ አለው፤ ከተማዋ የ66 ዓመት።

አልበርት አንስታይን በ1905 እንዲህ ያለው መለያየት የተፈጥሮ ሕግ መሆኑን በስሌት አሳየ። የሚንቀሳቀስ ሰዓት ከቆመው ይዘገያል። በ1915 በጨረሰው ሁለተኛ ሥራው ደግሞ ወደ ከባድ አካል የቀረበ ሰዓት ከራቀው ይልቅ ቀስ እንደሚል ጨመረበት። ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቨን በ1911 ነገሩን እስከ ጫፉ ወስዶ፣ ከብርሃን ጋር ሊስተካከል ጥቂት በቀረው ፍጥነት ሄዶ የሚመለስ መንገደኛ ምድርን በሌላ ዘመን ላይ እንደሚያገኛት ጻፈ። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ነበር። ተጠራጣሪ ቢስቅም ይፈረድለት ነበር።

በጥቅምት 1971 ግን ሁለት አሜሪካውያን፣ የፊዚክስ ሊቁ ጆሴፍ ሄፍሊና ከባሕር ኃይሉ የሥነ ፈለክ ተቋም የመጣው ሪቻርድ ኪቲንግ፣ አራት የሲዚየም አቶም ሰዓቶችን ይዘው ተራ የመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ተሳፈሩ። ለሰዓቶቹ «ሚስተር ክሎክ» በሚል ስም ቲኬት ተቆረጠላቸው፤ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ወንበር ላይ ታስረው ዓለምን አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ ዞሩ። ከዚያ ዋሽንግተን ከቀሩት ሰዓቶች ጋር ተነጻጸሩ። ወደ ምሥራቅ የሄዱት 59 ናኖሰከንድ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ወደ ምዕራብ የሄዱት በ273 ናኖሰከንድ ቀድመዋል። ናኖሰከንድ የአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ናት። ስሌቱ አስቀድሞ የተናገረው ለምሥራቁ 40 መቅረት፣ ለምዕራቡ 275 መቅደም ነበር፤ ሁለቱም የስሕተት ወሰናቸው ሲታሰብ ከተለካው ጋር ገጠሙ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። ልዩነቱ በአቅጣጫ መለወጡ ብዙ ይናገራል። ምድር ራሷ ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደዚያው የሚበር አውሮፕላን ፍጥነቱ በእሷ ላይ ይደመራል፤ ወደ ምዕራብ የሚበረው ይቀነስበታል። ሰዓቶቹ በመንገጫገጭ ወይም በብርድ ተበላሽተው ቢሆን ኖሮ አንዱ ቀድሞ ሌላው ሊቀር፣ ያውም በተሰላው መጠን፣ ምንም ምክንያት አልነበረም። ወደ ምሥራቅ የበሩት እነዚያ ሰዓቶች ከአውሮፕላን ሲወርዱ በዋሽንግተን የወደፊት ጊዜ ውስጥ ነበሩ፤ የ59 ናኖሰከንድ ወደፊት።

ከዚህ የሚበልጠው ምስክር ከስድስት ዓመት በኋላ መጣ። በሰኔ 1977 አሜሪካ ኤንቲኤስ-2 የተባለ ሳተላይት አመጠቀች፤ ዛሬ ጂፒኤስ ለምንለው ሥርዓት የሙከራ መንገድ ጠራጊ ነበር። በውስጡ የሲዚየም ሰዓት አለ። ሥራውን ከሚመሩት መካከል ግን የአንስታይን እርማት በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ ብለው የሚጠራጠሩ ነበሩ። ስለዚህ መላ ተገኘ፦ እርማቱን የሚሠራው መሣሪያ ሳተላይቱ ላይ ይገጠም፤ ግን ተዘግቶ ይቆይ። ካስፈለገ ከምድር ይከፈታል። ሰዓቱ 20 ቀን ያለ እርማት እንዲሄድ ተተወ። ንድፈ ሐሳቡ ከትሪሊዮን 446.5 ክፍል ይፈጥናል ብሎ ነበር። የተለካው 442.5 ሆነ። እርማቱ ተከፈተ፤ ክርክሩም በዚያ ተቋጨ።

ዛሬ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍ ብለው ይዞራሉ። ስበቱ ስለሚቀንስላቸው ሰዓታቸው በቀን 45 ማይክሮሰከንድ ይቀድማል፤ ስለሚፈጥኑ ደግሞ 7 ማይክሮሰከንድ ይቀራል። ተቀናንሶ በየቀኑ 38 ማይክሮሰከንድ ቀድመው ይገኛሉ። ብርሃን በዚያች ቅጽበት ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ፣ ይህ ባይታረም ስሕተቱ በየቀኑ በኪሎ ሜትሮች ይጠራቀም ነበር። ከቦሌ መንገደኛ ጭኖ ሽሮ ሜዳን በስልኩ ካርታ የሚፈልገው የታክሲ ሹፌር ቤቱን የሚያገኘው ሳተላይቱና ምድር በአንድ ጊዜ ውስጥ እንደማይኖሩ አስቀድሞ ስለታሰበ ነው። የጊዜ ጉዞ የፊልም ነገር ነው የሚለው ሰውም ይህን ሲናገር ኪሱ ውስጥ ይኸው ስልክ አለ።

እዚህ ሲደርስ ተከራካሪው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይልና «የዘገየው ሰዓቱ ነው እንጂ ጊዜው አይደለም» ይላል። ብልህ መልስ ይመስላል። የግድግዳ ሰዓት ባትሪው ሲደክም ወደ ኋላ ቢቀር ጊዜ ቀረ የሚል የለም፤ ታዲያ የአቶም ሰዓት ለምን የተለየ ይሆናል?

መልሱ ከሰማይ ይዘንባል። ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች የከባቢ አየርን የላይኛ ክፍል ሲመቱ፣ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሚዩዎን የሚባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ሚዩዎን ዕድሜው እጅግ አጭር ነው፤ በአማካይ 2.2 ማይክሮሰከንድ ኖሮ ወደ ሌላ ቅንጣት ይለወጣል። በዚያች ዕድሜ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ቢሮጥ 660 ሜትር ያህል ሄዶ ማለቅ ነበረበት። ምድር ላይ ግን በብዛት ይደርሳል፤ በተዘረጋ መዳፍ ላይ በየሰከንዱ አንድ ያህል ያልፋል። ዴቪድ ፍሪሽና ጄምስ ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 ባሳተሙት ሙከራ በአሜሪካው የዋሽንግተን ተራራ ጫፍ በሰዓት 560 ያህል ሚዩዎን ቆጠሩ። ወደ ባሕር ወለል ወርደው ሲቆጥሩ ከ400 በላይ አገኙ። ጊዜ ለሁሉም እኩል የሚሄድ ቢሆን ኖሮ በዚያ መንገድ ላይ ብዙዎቹ አልቀው 30 እንኳ ባልተረፉ ነበር።

ሚዩዎን ባትሪ የለውም። ጥርስ ያለው ጎማ፣ የሚላላ ምንጭ የለውም። የሚያረጀው በራሱ ባሕርይ ነው፤ ያ እርጅናው ነው የዘገየው። የሲዚየም አቶም በሌላ መንገድ ይርገበገባል፤ እሱም በዚያው ሕግ ይዘገያል። ሮበርት ፓውንድና ግሌን ሬብካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ22.5 ሜትር ማማ ላይ ከታች ወደ ላይ ከላይ ወደ ታች የላኩት ጨረር የሚወጣው ከብረት አቶም እምብርት ነበር፤ እሱም በ1960 ያንኑ መሰከረ። አሠራራቸው የማይገናኝ ሰዓቶች ሁሉ በአንድ ሕግ፣ በስሌቱ መጠን ከዘገዩ፣ የልብ ትርታም የተሠራው ከዚያው አቶም ስለሆነ አብሮ ከዘገየ፣ «ጊዜው ግን አልዘገየም» የሚለው ሰው ጊዜ ብሎ የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ማሳየት ይኖርበታል። ማንም የማይለካው፣ ምንም የማይታዘዘው ሌላ ጊዜ ካለ፣ ያ ነው ተረት።

ከዚያ ሦስተኛው ምሽግ ይቀራል፤ «እሺ ይሁን፣ ግን ትንሽ ነው።» እውነት ነው፣ በሰው ላይ እስካሁን የደረሰው ትንሽ ነው። ሩሲያዊው የጠፈር ተመራማሪ ኦሌግ ኮኖኔንኮ በአምስት ጉዞ ከ1,100 ቀን በላይ በጠፈር ጣቢያ ኖሯል፤ በዚያ ሁሉ ቆይታ ምድር ከቀረው ሰው ያነሰ ያረጀው በሰከንድ መቶኛ የሚቆጠር፣ ወደ 0.03 ሰከንድ የሚጠጋ ነው። የሰው ልጅ ከሠራቸው መንኮራኩሮች ሁሉ የፈጠነው ፓርከር በታኅሣሥ 2024 ፀሐይን ሲታከክ በሰዓት 692,000 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር፤ ያም ቢሆን ከብርሃን ፍጥነት 1,500ኛውን አይሞላም።

ግን ትንሽ የሆነው የሰው ሞተር ነው። ሕጉ ትንሽ አይደለም። በጄኔቭ አጠገብ ባለው የሰርን ቤተ ሙከራ በ1970ዎቹ በክብ መንገድ ሲሽከረከሩ የነበሩ ሚዩዎኖች 2.2 ማይክሮሰከንድ መሆን የነበረበት ዕድሜያቸው 64 ሆነ፤ ሃያ ዘጠኝ እጥፍ። 70 ዓመት የሚኖር ሰው በዚያ ሚዛን ምድር ላይ 2,000 ዓመት ሲያልፍ ያያል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌፕ የተባለው ማፋጠኛ ተሠራ። 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው ዋሻ ውስጥ፣ በ2000 ከመዘጋቱ በፊት፣ ኤሌክትሮኖችን እስከ 104.5 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት አደረሳቸው። ይህ ኤሌክትሮን ቆሞ ሳለ ካለው ኃይል 200,000 ጊዜ በላይ ነው፤ ጊዜም በዚያው ቁጥር ይዘገይለታል። አሁን ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው የሚቀረው። በእኛ ሰዓት 66 ዓመት ሲሞላ፣ በዚያ ፍጥነት ለሚሄድ ነገር ያለፈው ሦስት ሰዓት አይሞላም።

የአንድ ቀትር እንቅልፍ ማለት ነው። በለሱ ወተቱ ባልደረቀ።

አቤሜሌክ በማፋጠኛ ሄደ የሚል የለም፤ የእምነቱ ታሪክ የራሱ ቋንቋ አለው። ክርክሩ ሌላ ነው። «66 ዓመት በአንድ ቀትር ሊያልፍ አይችልም፣ ሳይንስ ይከለክላል» የሚለው ሰው ሳይንስን ያልተናገረውን እያናገረው ነው። የሚከለክለው ወጪው ነው። ወጪውም ያስደነግጣል። አንድ ኪሎ ግራም ዕቃ በብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ እንዲሄድ፣ ማለትም የእሱ አንድ ዓመት የእኛ ሰባት ዓመት እንዲሆን፣ የሚፈልገው ኃይል የሕዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደውን 15,760 ጊጋዋት ሰዓት ወደ አሥር ለሚጠጋ ዓመት ሳያቋርጡ መስጠትን ይጠይቃል። ለአንድ ኪሎ፤ ያውም ለማስነሳት ብቻ፣ ለማቆሙ ሌላ። ሰው፣ ምግቡ፣ ውኃው፣ ከጨረር የሚከልለው ግድግዳ ሲጨመር ቁጥሩ የትም ይደርሳል። ይህ የመሐንዲስ ችግር ነው፤ ምናልባት ለዘላለም የማይፈታ የመሐንዲስ ችግር። «አይቻልም»ና «አቅም የለንም» ግን አንድ ቃል አይደሉም።

ወደ ኋላ የሚደረገውስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድም ሙከራ፣ አንድም ልኬት ወደ ትናንት የሄደ ነገር አላሳየም። የዚህ ጽሑፍ ግምትም በሩ የተዘጋ ነው የሚል ነው። ነገር ግን ልክ የሆነ ድምዳሜ በተሳሳተ ምክንያት ሲያዝ ጉዳት አለው፤ ሁለቱ የታወቁ ምክንያቶች ደግሞ ሁለቱም ደካማ ናቸው።

የአያቱ ነገር ይቅደም። አንድ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ አያቱን በወጣትነቱ ቢገድል እሱ ስለማይወለድ ሊገድል አይችልም፤ ስለዚህ ጉዞው አይቻልም ይባላል። ከዚህ የሚከተለው ግን ሌላ ነው። አያትየው በእርጅናው እንደሞተ የታወቀ ከሆነ፣ የልጅ ልጁ ቢሄድም አይገድለውም፤ ጥይቱ ይስታል፣ ሰውየው ይራራል፣ መንገድ ይጠፋዋል። ሉዊስ የተከራከረው ይህንን ነው፤ ያለፈን መለወጥ አንድ ነገር ነው፣ ባለፈ ውስጥ መገኘት ሌላ። ይህ የፈላስፋ ብልጠት ብቻ እንዳይመስል፣ የካልቴኩ የፊዚክስ ሊቅ ኪፕ ቶርንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1991 በፑል ኳስ አሰሉት። ኳሱ በጊዜ መተላለፊያ ገብቶ ከመግባቱ በፊት ይወጣና ራሱን ይመታል፤ እንዳይገባ ያደርገው ይሆን? ስሌቱ ሲሠራ የማይጋጩ መልሶች ተገኙ፤ ያውም ቁጥር የሌላቸው። ኳሱ ራሱን በጥቂቱ ጨረፍ ያደርጋል፤ ያቺው ጨረፍታ ወደ መተላለፊያው የምታስገባው ሆና ትገኛለች።

ሁለተኛው «የታሉ ታዲያ እንግዶቹ?» የሚለው ነው። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ ሰኔ 28 ቀን 2009 በካምብሪጅ ለጊዜ ተጓዦች ግብዣ አዘጋጀ፤ ጥሪውን የበተነው ግብዣው ካለፈ በኋላ ነው። ማንም አልመጣም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ማስረጃ ይጠቅሰዋል። ነገር ግን በአንስታይን ስሌት ላይ ተመሥርተው በቤተ ሙከራ ወይም በጠፈር ሊሠሩ ይችሉ ይሆናል ተብለው የታሰቡት መሣሪያዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፦ መሣሪያው ከተሠራበት ቀን ወደ ኋላ አያልፍም። የመጀመሪያው መሣሪያ በ3000 ቢሠራ ወደ 2009 የሚያደርስ መንገድ የለም። ባዶው ግብዣ የሚነግረን በ2009 መሣሪያው እንዳልነበረ ነው፤ ያን ደግሞ አስቀድመን እናውቅ ነበር።

ይህ ጠባይ ሮናልድ ማሌትን ከማንም በላይ ያስለቀሰ ይመስላል። ማሌት ጥቁር አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። አባቱ በ1955 በልብ ሕመም በ33 ዓመቱ ሲሞት እሱ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። በማግስቱ ዓመት የኤች ጂ ዌልስን የጊዜ መኪና ታሪክ በሥዕል ተዘጋጅቶ አነበበ፤ አባቱን መልሶ ለማየትና ለማስጠንቀቅ እንዲህ ያለ መኪና እሠራለሁ ብሎ ቆረጠ። ፊዚክስ ያጠናው ለዚህ ነው። በኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከሆነ በኋላም ዓላማውን ለረጅም ዓመታት ደበቀ፤ እንዳይሣቅበትና እንጀራው እንዳይበላሽ ፈርቶ፣ ጥቁር ጉድጓድ አጠናለሁ ይል ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሚሽከረከር የሌዘር ብርሃን ጊዜን ማጠፍ ይቻላል የሚል ስሌት አወጣ። ሌሎች ሊቃውንት መረመሩትና ክፍተቱን አሳዩት፤ መሣሪያው ማንም ቤተ ሙከራ ሊሠራው ከሚችለው እጅግ የራቀ ነው አሉ። ማሌት ራሱም የሚያውቀው ነገር አለ። መሣሪያው ቢሠራ እንኳ ወደ 1955 አይደርስም።

ስሌቱ ትክክል ላይሆን ይችላል፤ በሰውየው ላይ የሚያሥቅ ነገር ግን የለም። ጥያቄውን ወደ ቁጥር ለውጦ ለሌሎች ምርመራ አቀረበ፤ መረመሩት፤ ጉድለቱን ጻፉ። ሳይንስ የሚሠራው እንዲህ ነው። በ1949 የሒሳብ ሊቁ ኩርት ጎደል ለአንስታይን ሰባኛ ዓመት በተዘጋጀ መጽሐፍ ላይ፣ የአንስታይን ቀመሮች የምትሽከረከር ዓለምን እንደሚፈቅዱ፣ በዚያች ዓለም ውስጥም ወደ ትናንት የሚመልስ መንገድ እንዳለ ሲያሳይ አንስታይን አልሣቀም። ጉዳዩ ንድፈ ሐሳቡን ሲሠራ ጀምሮ እንዳስጨነቀው ገልጾ፣ እንዲህ ያለ መፍትሔ በፊዚክስ ምክንያት ሊወገድ ይችል እንደሆነ መመርመር አለበት ብሎ መለሰ። የሥነ ፈለክ ሊቁ ካርል ሴገን በ1985 ለሚያወጣው ልብ ወለድ ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚያሻግር መንገድ ፈልጎ ቶርንን ሲጠይቀውም፣ ቶርን ስለ ጠፈር መሿለኪያ ማስላት ጀመረ። በ1988 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት መሿለኪያው ክፍት እንዲቆይ ከዜሮ በታች የሆነ ኃይል እንደሚያስፈልገው፣ ከተገኘም ወደ ጊዜ መኪና ሊለወጥ እንደሚችል አሳየ።

እውነተኛው መሰናክል እዚህ ነው የሚጀምረው። ከዜሮ በታች የሆነ ኃይል በጥቃቅን ልክ ይታወቃል፤ ሄንድሪክ ካሲሚር በ1948 የተነበየው፣ በሁለት ብረቶች መካከል ባለ ባዶ ቦታ የሚታየው ክስተት በ1997 በትክክል ተለክቷል። ሰው የሚያሳልፍ መሿለኪያ የሚከፍት መጠን ግን የትም አልታየም። ሆኪንግ በ1992 ደግሞ፣ የጊዜ መኪና ሊሆን በተቃረበ ማንኛውም ነገር ላይ የባዶው ጠፈር ንዝረት እየተደራረበ መሣሪያውን ያጠፋዋል፣ ተፈጥሮ ትናንትን ትጠብቃለች የሚል ግምት አቀረበ። ግምት ነው፤ ማረጋገጫ አላለውም። በ1997 ሦስት የሒሳብ ፊዚክስ ሊቃውንት የተገኙት ቀመሮች ልክ በዚያ ድንበር ላይ ሲደርሱ መናገር እንደሚያቆሙ አረጋገጡ። መልሱ ስበትንና የቅንጣቶችን ሕግ አንድ የሚያደርግ፣ ገና ያልተጻፈ ንድፈ ሐሳብ ይጠብቃል። በሩ የተዘጋ ሊሆን ይችላል፤ መዝጊያው ግን የአያት ግድያ ሳይሆን የባዶ ጠፈር ኃይል ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያንገበግባል? «ፊልም ነው» የሚለው መልስ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ለልጅ ስለሆነ ነው። ልጁ የሚጠይቀው በአሥራ አምስት፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ የስበትንና የኃይልን ቀመር በሚሸመድድበት ጊዜ ነው። ያ ጥያቄ ወደ ፊዚክስ የሚያስገባው የመጀመሪያው ደጅ ሊሆን ይችል ነበር። ሣቅ ሲመልስለት ግን ሁለት የተሳሳቱ ነገሮች ይማራል፦ ሳይንስ ያላለውን እንዳለ፣ መጠየቅም እንደሚያሳፍር። ቀመሩ በሽምደዳ ይቀራል፤ ፈተና ሲያልፍ ይረሳል።

ለዚያ ልጅ ከሣቅ ይልቅ ጠመኔ ይሰጠው። አንድ ሰው በራስ ደጀን ጫፍ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ላይ ይቀመጥ። ሌላው ከባሕር ወለል በታች በሆነው በደናክል ዝቅተኛ ቦታ። በመካከላቸው ያለው ከፍታ ወደ 4,650 ሜትር ነው። የስበትን ፍጥንጥነት 9.8ን በዚያ ያባዛው፤ ውጤቱን ለብርሃን ፍጥነት ካሬ ያካፍለው። የሚያገኘው እጅግ ትንሽ ቁጥር በአንድ ዓመት ሰከንዶች ሲባዛ 16 ማይክሮሰከንድ ይመጣል። የደናክሉ ሰው ዓመት ቆይቶ ወደ ተራራው ቢወጣ ከራስ ደጀኑ ሰው በዚያች መጠን አንሶ ያረጃል፤ የወጣውም ወደ እሱ ነገ ነው። ዛሬ በቦልደር ኮሎራዶ ያሉ ሰዓቶች ይህን ለመለየት ተራራ አያስፈልጋቸውም። በ2010 ከአንድ ክንድ ያነሰ የ33 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በቂያቸው ነበር። በ2022 አንድ ሚሊ ሜትር በቃቸው።